ዘጌ፦ ማረሻ የማይገባባት የጣና ዳር መንደርና የኑሮዋ ሥርዓት

ክሩን የከፈተው፦ የሐይቅ ዳር መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ዘጌ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ገዳማቱ ሥዕሎች ይሄዳል፤ ሥዕሎቹም ሊነገርላቸው የሚገባ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ሥዕሎቹን ጠብቀው ስላቆዩት ሰዎች፣ በደንና በውኃ መካከል ስለሚኖሩበት መንደርና መንደሩ ስለሚተዳደርበት ሥርዓት ነው። አካባቢውን ሁለት ጊዜ በእግሬ ዞሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ስለ ዘጌ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። የጎደለውን የምትሞሉ፣ የተሳሳተውንም የምታርሙ እንዳላችሁ ስለማውቅ በድፍረት እጀምራለሁ።

ዘጌ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው መርከብም ዘጌንና ደቅን እየነካ ያልፍ ነበር። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ የማይሞላ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ለመናወጥ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ማለዳ ጸጥ ያለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል፣ በታንኳ የሚሻገረውም ሰው ጉዞውን በጠዋት መጨረስ ይመርጣል። ወደ ዳርቻው ሲቀርቡ የሚታየው ደን ብቻ ነው። ቤቶቹ ከዛፎቹ ሥር ተሸሽገዋል፣ ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው የእግር መንገድም በቡና ተክል መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል።

የዘጌን ኑሮ ከሌላው የጣና ዳር ኑሮ የለየው አንድ ሕግ ነው፦ በዘጌ ምድር በበሬ አይታረስም፣ የቀንድ ከብትም አይረባም። በአገሬው ትውፊት መሠረት ይህን ቃል ኪዳን የተቀበሉት በመካከለኛው ዘመን ከሸዋ መጥተው በቦታው የገደሙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ጻድቁ፣ በዚህች ምድር የሚኖር ሰው ሳያርስ ምን ይበላል ብለው ፈጣሪን ሲለምኑ በእጃቸው የያዙትን በትር እንዲተክሉ ታዘዙ፤ በትሩም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ስማቸው «የማርያም በትር» ማለት መሆኑ ታሪኩን ለሚሰማ ሁሉ ወዲያው ይታወሰዋል። ዛሬም ቢሆን የዘጌ ሰው ወደ ገበያ ይዞት የሚወጣው እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

እኔን በጣም ያሳሰበኝና ያስደነቀኝ ሕጉ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ነው። የማያርስ ሰው ጤፉንና ዳጉሳውን መግዛት አለበት፤ ለመግዛት የሚሸጥ ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚሸጠው ቡና ደግሞ ያለ ጥላ አይሆንለትም፤ ጥላውን የሚሰጡት ዛፎች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በቀጥታ ከአንድ ዋንዛ ወይም ከአንድ ሰሳ ጋር የታሰረ ነው። በዚህ ምክንያት ደኑ ጎረቤቶቹ አካባቢዎች ሁሉ ታርሰው ሲያልቁ ቆሞ ቀርቷል። ባሕረ ገብ መሬቱ ከዋናው ምድር ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ገበያው እዚያ ነው። እህሉ ከውጭ ገበሬዎች እጅ ወደዚያ ይመጣል፣ ቡናውና ጌሾው ከውስጥ ይወጣል፣ ሰውም በዚያው ይገናኛል።

የመንደሩ ማኅበራዊ ሕይወት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተሠራ ነው። በባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም በጎብኚ ዘንድ ይበልጥ ይታወቃሉ። ክብ ሆነው የተሠሩት ቤተ ክርስቲያናት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው ይከፈላሉ፤ በኡራ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ውኃ ለጠማው ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ ምሕረት ያገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክም በዚያ ተሥሏል። የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ሲከበር ከባሕር ዳርና ከዙሪያው ገጠር የሚመጣው ምእመን የጀልባ መውረጃውን ያጨናንቀዋል። ከበዓሉ ውጭ ደግሞ ወር በወር የሚጠጣው የጻድቃን ማኅበር፣ ሰንበቴውና ዕድሩ ሰውን ከሰው ጋር ያያይዛሉ። ለቅሶ በሆነ ቀን ቡና ለቀማውም ሽያጩም ይቆማል።

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ደኑን የጠበቀው እምነቱ ነው ወይስ ቡናው? እኔ በበኩሌ ሁለቱ ሊነጣጠሉ አይችሉም ባይ ነኝ፤ ሆኖም ቡናው ሲደክም እምነቱ ብቻውን ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ያሳስበኛል።

——

ምላሽ 1፦ የአፋፍ ልጅ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። እናቴ የዘጌ ተወላጅ ናት፤ እኔም ልጅነቴን ያሳለፍሁት ክረምቱን አፋፍ፣ በጋውን በአያቴ ቤት በደኑ ውስጥ ነው። የጻፉት በአብዛኛው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ኑሮው ከመንገድ ሆኖ ሲታይ የማይገለጥበት ጎን ስላለው ጥቂት ልጨምር።

የዘጌ ቡና ለቀማ የቤተሰብ ሥራ ነው። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይቀላም፤ ስለዚህ የቀላውን እሸት ቡና መርጦ ለመልቀም አንዱን ዛፍ ደጋግሞ መጎብኘት ያስፈልጋል። ችግር ያለበት ቤት ግን መጠበቅ አይችልም፤ አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ ጠርጎ ያወርዳል፣ በዚህም ዋጋው ይወድቅበታል። የተለቀመው በደጅ ይሰጣል፤ በጋውን ሙሉ በየቤቱ ደጃፍ የቡና ስጥ አለ፣ ልጆችም ከዶሮና ከጦጣ እየጠበቁ ይውላሉ። እኔም ጠብቄአለሁ። ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ነጋዴው በጀንፈሉ ይገዛል፣ ለቤት የሚሆነው ግን በሙቀጫ ተወቅጦ ይፈለፈላል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ሴቶች ነው። የዘጌ ሴት እርሻ የለባትም ተብሎ ሥራዋ የቀለለ የሚመስላቸው አሉ። ማገዶ ተሸክማ ወደ ውኃው ዳር የምትወርደው፣ ሎሚና ጌሾ ይዛ ገበያ የምትቆመው፣ እህሉን ገዝታ በጀርባዋ አዝላ ያንን ሁሉ አቀበት የምትመለሰው እርሷ ናት። በደኑ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ ሁሉም ነገር በሰው ትከሻ ይጓጓዛል። አያቴ ስትታመም በቃሬዛ ተሸክመን እስከ ጀልባው አውርደናታል፤ ሌሊቱን ማዕበል ስለነበረ ጎሕ እስኪቀድ ዳር ላይ ተቀምጠን ጠብቀናል። ውኃ ዳር መኖር ለእኛ ይህንንም ያካትታል።

ሦስተኛው፣ በአፋፍም በዘጌም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዳሉ በጽሑፍዎ አልተነሣም። ሥጋችን ይለያያል፤ ቡናችን ግን አይለያይም። ለቅሶ እንደራረሳለን፣ ሠርግም ሲሆን ለእነርሱ የሚታረደው በእነርሱው እጅ ታርዶ፣ በእነርሱው ድስት ተሠርቶ ለብቻ ይቀርባል።

——

ምላሽ 2፦ ጠያቂ

ለሁለታችሁም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ፦ ቤት ለመሥራት ወይም ለማገዶ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ማንን ይጠይቃል? ፈቃጁ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቀበሌ ነው ወይስ የቦታው ባለቤት?

——

ምላሽ 3፦ የደን ሠራተኛ

በሙያዬ ከቡና ደኖች ጋር ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ከዚያ አንጻር ልናገር። ክሩን የከፈቱት ሰው «ደኑ ቆሞ ቀርቷል» ያሉት እውነት ነው፤ በዘጌ ከ100 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፣ ይህም ዙሪያው በታረሰበት አካባቢ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ቆሞ መታየትና መቀጠል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቡና ገበሬ ለቀማው እንዲመቸውና ቡናው ከሌላ ተክል ጋር እንዳይሻማ ከሥር ያለውን ይመነጥራል። ሲመነጥር አረሙ ብቻ አይሄድም፤ ነገ ትልቅ ጥላ ሊሆን የሚችለው የሰሳ፣ የብርብራና የዋንዛ ችግኝም አብሮ ይታጨዳል። ከላይ የሚታዩት ዛፎች አረንጓዴና ግርማ ያላቸው ናቸው፤ ግን ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከሥራቸው የሚተካቸው ወጣት ዛፍ በበቂ አይታይም። ይህ በዘጌ ብቻ የሚታይ አይደለም፣ ሰው የሚንከባከበው የቡና ደን ሁሉ ያለበት አደጋ ነው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፦ በምንጣሮ ጊዜ በየተወሰነ ርቀት አንድ አንድ የጥላ ዛፍ ችግኝ ምልክት ተደርጎበት እንዲተው ማድረግ ይበቃል። ሰሳና ብርብራ እንደ ባቄላና እንደ አተር ዘር አፈሩን በናይትሮጅን የሚያበለጽጉ ናቸው፤ ቅጠላቸው ሲረግፍ ቡናውን ይመግባል። የከብት ፍግ በሌለበት መንደር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቡናው ገቢ ደግሞ እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር ብናስቀምጥ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት፣ ወይም 2 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ያስፈልጋል። አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። የዓረቢካ ቡና በባሕርዩ አንዱን ዓመት በብዛት ሲያፈራ ቀጣዩን ዓመት ይደክማል፤ ስለዚህ የሚሸጠው ቡና ብቻ የሆነ ቤተሰብ በየሁለት ዓመቱ የችግር ወቅት ይገጥመዋል ማለት ነው። ማገዶ ተቆርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው በዚያ ጊዜ ነው። ቁርጡን ለማስቆም የሚፈልግ ሰው ከጥበቃ በፊት ይህን ክፍተት የሚሞላ ገቢ ማሰብ አለበት፤ እኔ የንብ ቀፎን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ንብ ቆሞ ያለውን ዛፍ ትፈልጋለች እንጂ የተቆረጠውን አትፈልግም።

——

ምላሽ 4፦ የታሪክ መምህር

በዚህ ሁሉ መልካም ቃል መካከል ሊዘለል የማይገባው ነገር ስላለ፣ በጥንቃቄ ግን ሳላድበሰብስ እጽፈዋለሁ። የዘጌ ቡና በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሱዳን ጭምር ይሸጥ የነበረ፣ ባለቤቶቹንም ያበለጸገ ምርት ነው። ያንን ቡና ከተከሉት፣ ከመነጠሩት፣ ከለቀሙትና ከተሸከሙት እጆች መካከል ግን ብዙዎቹ በባርነት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች እጆች ነበሩ። ከባለ ቡናዎቹም ካህናት ነበሩባቸው። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ነጻ የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው በአብዛኛው መሬት ስላልነበራቸው በሽመና፣ በቀን ሥራና በማገዶ ሽያጭ ኖሩ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለቤትነቱ መልክ ተለወጠ፤ ያም ሆኖ የትውልድ ስም በአንድ አዋጅ ተፍቆ የሚጠፋ አይደለም።

ይህን የማነሣው መንደሩን ለመውቀስ አይደለም። ክሩን የከፈቱት ሰው ደኑን የጠበቀው እምነት ነው ወይስ ቡና ብለው ጠይቀዋል፤ እኔ ደግሞ የሦስተኛውን ወገን ድርሻ እጨምራለሁ፣ ያለ ፈቃዳቸው መጥተው በደኑ ውስጥ የደከሙትን። የማያርስ፣ ከብት የማያረባ መንደር በሀብት ሊኖር የቻለው የቡናው ሥራ በርካሽ ጉልበት ስለተሠራ ጭምር ነው። የመንደሩ ማኅበራዊ ሕይወት ሲጻፍ በማኅበሩ ጽዋ ዙሪያ የተቀመጡትን ብቻ ከቆጠርን፣ ውኃ ሲቀዱና እንጨት ሲሰብሩ የነበሩትን እንረሳቸዋለን።

——

ምላሽ 5፦ የአፋፍ ልጅ

መምህር፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በቤታችን ይህ ጉዳይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነግሮ አያውቅም። በልጅነቴ ከአንዳንድ ቤቶች ልጆች ጋር አብረን እየተጫወትን ለጋብቻ ሲሆን ግን ስማቸው ለምን እንደማይነሣ አክስቴን ጠይቄ፣ «ዝም በል፣ የሰው ዘር አይቆጠርም» ብላ ገሥጻኛለች። ያን ጊዜ ቃሏ እኩልነትን የሚሰብክ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ለመሸፈኛ እንደሚውልም ገባኝ። አሁን በወጣቱ ዘንድ ነገሩ እየላላ ነው፤ ባሕር ዳር ሄዶ የተማረና ሥራ የያዘ ሰው የአያቱን ስም የሚጠይቀው የለም። በደኑ ውስጥ ግን አሁንም ማን የቡና ቦታ እንዳለው፣ ማን በሰው ቦታ ላይ እንደሚለቅም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማገዶ ቆራጩን ስንወቅስ፣ ለመቁረጥ የተገደደው ብዙውን ጊዜ ቡና የሌለው መሆኑን አብረን ማሰብ አለብን። ይህን ሳልጽፍ ማለፌ ጥፋቴ ነው።

——

ምላሽ 6፦ የዓሣ ነገር

እስካሁን ስለ ደኑ ተወራ፤ ስለ ውኃው ግን መሻገሪያ ከመሆኑ በላይ ብዙም አልተባለም። የዘጌ ሰው በዋናነት ዓሣ አጥማጅ አይደለም፣ ይሁንና ሐይቁ ሲታመም እርሱም ይታመማል።

በመጀመሪያ ታንኳውን እንመልከት። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ከረግረጉ ታጭዶ ይደርቃል፣ እየታሰረ ይደራረባል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ጥበቡን ከማንም ይልቅ ያቆዩት የወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። እነዚህ በጣና ዳር የሚኖሩ፣ በድሮ ዘመን ጉማሬ ያድኑ የነበሩ፣ የቀድሞ ቋንቋቸውን አጥተው ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ጎረቤቶቻቸው በማኅበራዊ ኑሮ ለረጅም ጊዜ አግልለዋቸዋል። ታንኳቸውን ግን ሁሉም ተጠቅሞበታል፤ የዘጌም ማገዶና ሎሚ በእርሱ ተሻግሯል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ያም ሆኖ ዓመት ሳይሞላው ይበሰብሳል። ደንገል ያለማቋረጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የደንገሉ ረግረግ ግን ለእርሻና ለግጦሽ እየተወሰደ በብዙ ቦታ ሳስቷል።

ስለ ዓሣው ስንነጋገር፣ ጣና በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ ከ10 በላይ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ነው። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ በወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ቀላል ሆነ፤ እንቁላል ሳይጥል የተያዘ ዓሣ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ይዞ ይሄዳል። የደን ሠራተኛው በጠቀሱት ብርብራ ላይም የምለው አለኝ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያሰክራል፣ በዚህ መንገድ ማጥመድ ከጥንት የነበረ ነው፤ የሚጎዳው ግን ትልቁን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ጫጩቱንም ጭምር ነው። ለቡናው ጥላ የሆነው ዛፍ ለዓሣው መርዝ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የውኃው ከፍታ ሌላው ጉዳይ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. የመቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ሐይቁ የዝናብና የወንዞች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የግድብ በሮች ጉዳይም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ ውኃው በጣም ሲወርድ መርከቦች ለወራት መጓዝ አቅቷቸው ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጣ። እስካሁን ይበልጥ የተጎዳው ሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ዘጌ ከዚያ ራቅ ስላለ አንዳንዱ ጉዳዩ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። ነፋስና ማዕበል አረሙን ሲነዱት ግን ወሰን አይጠይቁም። ሐይቁና ዙሪያው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ መልካም ነው፣ አረሙን የሚነቅለው ግን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የገባ ገበሬ ነው።

——

ምላሽ 7፦ አስጎብኚ የነበርሁ

እኔ ከሌሎቻችሁ በአንድ ነጥብ እለያለሁ። ክሩ ጎብኚን የመንደሩ ጌጥ እንጂ የመንደሩ ገቢ አድርጎ አላየውም። ከጀልባ መውረጃው እስከ ኡራ ባለው መንገድ ላይ ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ በቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ቅርጫትና ጀንፈል ይዘው የሚቀመጡት ሰዎች ከላይ የተነሣው ቡና የሌለው ወገን ናቸው። ደሴት ላይ እንዳሉት እንደ ክብራን ገብርኤል ካሉ ገዳማት በተለየ፣ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ለሴቶችም ክፍት በመሆናቸው ቤተሰብ ሁሉ አብሮ የሚጎበኛቸው ነበሩ። እኛ አስጎብኚዎች ተራ ይዘን እንሠራ ነበር፤ አንዱ ዛሬ ሠርቶ ከሆነ ነገ ለሌላው ይተዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ጀልባው ባዶ ሆነ። ከዚያም በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት ለማገገም ጊዜ አላገኘም። ከእኛ መካከል አንዳንዱ ወደ ከተማ ሄደ፤ አንዳንዱ፣ ለማለት ያሳፍረኛል፣ መጥረቢያ አነሣ። ዛፎቹን ለእንግዳ በስማቸው እየጠራ ያሳይ የነበረ ሰው ያንኑ ዛፍ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ልፈርድበት ግን አልቻልሁም። ስለዚህ ጥያቄው እምነት ወይስ ቡና የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። ከቡናው ውጭ ያለው ሰው በደኑ መቆም ውስጥ ምን ድርሻ አለው የሚለው መቅደም አለበት።

——

ምላሽ 8፦ የሐይቅ ዳር መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይም ያልጻፍሁትን ለጻፉት። ጥያቄዬን ያቀረብሁበት መንገድ ጠባብ እንደነበር አሁን ይታየኛል። «የማያርስ ሰው» ብዬ ስጽፍ በአእምሮዬ የነበረው የቡና ባለቤቱ ቤተሰብ ብቻ ነበር፤ ለቃሚው፣ ማገዶ ሻጯና መንገድ ዳር ቅርጫት የዘረጋችው ሴት በሥዕሉ ውስጥ አልነበሩም። የመጀመሪያውን ጽሑፌን እንዳለ እተወዋለሁ፣ ስሕተቱ ከእርማቱ ጋር አብሮ እንዲነበብ።

በአንድ ነገር ግን በአቋሜ እጸናለሁ። ሕጉን የቡና ጥቅም ብቻ የወለደው አድርገው የሚያዩ ካሉ አልስማማም። ሰው ለጥቅሙ ሲል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቡና በረከሰበት በአንዱ ዓመት በሬ አስገብቶ ባረሰ ነበር። በዘጌ ይህ እንዳይሆን የያዘው «ቃል ኪዳን ነው» የሚለው ቃል ነው፤ የተራበም ሰው እንኳ ዛፍ ቆረጠ እንጂ ማረሻ አላስገባም። የደን ሠራተኛው ያቀረቡት የችግኝ ምልክት ሐሳብ ከዚህ ቃል ጋር ቢያያዝ፣ ማለትም በየደብሩ ካህናቱ ከምንጣሮ በፊት ቢያሳስቡበት፣ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ የሚሰማ ይመስለኛል። የአፋፍ ልጅ ይህ ይሆናል ይላሉ? ደግሞም የጠያቂው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

——

ምላሽ 9፦ የአፋፍ ልጅ

ካህናቱ ቢያስተምሩ ይሰማል፤ ግን ከቅዳሴ በኋላ በስብከት ላይ ከሚነገር ይልቅ በሰንበቴ ላይ፣ ጠላው እየተቀዳ ቢነገር ይሻላል። በሰንበቴ ሰው መልስ ይሰጣል፣ ይከራከራል፣ ተስማምቶም ይወጣል።

ለጠያቂው፦ በወረቀት ቀበሌው አለ፣ በቦታው ባለ ቡናው አለ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ደግሞ ማንም አይነካም። እንዲህ ብዬ ስደረድረው ግን የሆነውን በትክክል አያሳይም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎ። በአንድ ክረምት ከአያቴ ቤት በላይ የነበረ ትልቅ ዋንዛ በሌሊት ነፋስ ወደቀ። ቡናዋን ሰብሮባታል፤ ቦታውም የእርሷ ነው። በማግሥቱ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አንድ ሽማግሌ ግንዱን ለሁለት ከፈሉት፦ አንዱ ለደብሩ በር መጠገኛ ሄደ፣ ሌላው ለአያቴ ተሰጣትና ሸጣ ለተሰበረው ቡና ማካካሻ አደረገችው። ቅርንጫፉ የቡና ቦታ ለሌላቸው ለሁለት ቤቶች ለማገዶ ተሰጠ። የቀረውን ጭራሮ ልጆች ተሻማነው። ከዚያ ሽማግሌው ዋንዛው የወደቀበትን ጉድጓድ አሳዩኝና፣ እስከ ማታ ድረስ የዋንዛ ችግኝ ፈልጌ እንድተክልበት አዘዙኝ። ተከልሁት። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሆኗል፤ ከሥሩም የሰው ቡና ተተክሏል።